ከጎረቤት እጅ የተረከብነው መሣሪያ
(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር፤ ቢቸና)



በዚህ ዓመታዊ ስብሰባችን ላይ ጥቂት ቃል እንዳሰማ ኮሚቴው ስለ ፈቀደልኝ በቅድሚያ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። እንደምታውቁኝ የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ከዚያ ወዲያ ዕድሜዬ ያለቀው በመዝገብ ቤት ውስጥ ገቢና ወጪ ደብዳቤ ስመዘግብ፣ ፋይል ሳወጣና ስመልስ ነው። ስለዚህ ከእኔ የሊቅ ንግግር አይጠበቅም። የምናገረው ስለ መሣሪያ ነው። መሣሪያ ሲባል በእኛ አገር ቶሎ ትዝ የሚለው ጠመንጃ ነው፤ እኔ ግን የምለው መጋዙን፣ መሮውን፣ መላጊያውን፣ ምሳሩን ነው።

ይህ ከእድር ጋር ምን አገናኘው የሚል አይጠፋም። ነገሩ እንዲህ ነው። ከመካከላችን አንድ ሰው ሲያርፍ ጡሩምባ ይነፋል፤ ሁላችንም ነቅለን እንወጣለን። ድንኳኑ ይተከላል፣ ወንበሩ ይደረደራል፣ ጎልማሳው ዶማና አካፋ ይዞ መቃብር ይቆፍራል፣ እናቶች ወጥና እንጀራ ይዘው ይመጣሉ። ሬሳውን በክብር እንሸኛለን፤ ሰልስቱን እንውላለን። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን ሟቹ ባለሙያ ከሆነ፣ ሲሠራበት የኖረው ዕቃ በቤቱ ጥግ ቆሞ ይቀራል። ያ ዕቃ የት ገባ ብሎ የጠየቀ እድርተኛ እስካሁን አላየሁም። ከአርባው በኋላ ብረት ብረቱ ለቁራሌው በኪሎ ይሸጣል፤ እጀታው ምድጃ ይገባል። ሃምሳ ዓመት የሠራ መሣሪያ በአንድ ጠዋት ያልቃል።

እኔ ይህን እንዳስብ ያደረገኝ አንድ ሽማግሌ አናጢ ጎረቤቴ ነው። ስማቸውን እዚህ አልጠራም፤ በሕይወት ሳሉም ስማቸው በስብሰባ ላይ ሲነሳ ደስ አይላቸውም ነበር። አናጢው ካልኩ ማንን እንደምል ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በብዙዎቻችን ቤት በሩም፣ አልጋውም፣ የልጆቹ መቀመጫም የእሳቸው እጅ ነው።

አናጢው የሞጣ ተወላጅ ናቸው። ሙያውን የተማሩት እዚያው ሞጣ ከአንድ ሽማግሌ እግር ሥር ተቀምጠው ነው። ቢቸና የመጡት በጎልማሳነታቸው ነው። ያኔ ቢቸናም ሞጣም ለየብቻቸው የአውራጃ ዋና ከተማ ስለ ነበሩ፣ የመሥሪያ ቤትና የትምህርት ቤት በርና መስኮት፣ ጠረጴዛና ወንበር የሚሠራ ሰው ይፈለግ ነበር። እንዲህ ሲሉ ደብረ ወርቅን አልፈው፣ ዕቃቸውን በአህያ ጭነው መጡና እዚሁ ጎጆ ቀልሰው ቀሩ።

ግቢያችንን የሚለየው አንድ አጥር ነበር። እሳቸው መጻፍ አይችሉም፤ እኔ ደግሞ ምስማር አቃንቶ መምታት አይሆንልኝም። ማመልከቻ ሲያስፈልጋቸው እኔ እጽፋለሁ፤ የእኔ በር ሲያዘነብል እሳቸው ያቃናሉ። ሒሳብ ተባብለን አናውቅም። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚባለው ለእኛ ተረት አልነበረም። ማታ ማታ ቡና ሲፈላ ወይ እኔ እሻገራለሁ፣ ወይ እሳቸው ይመጣሉ። እኔ «ጋሼ» እላቸዋለሁ፤ እሳቸው «አንተ ጸሐፊ» ይሉኛል። ስም አውጥተውልኝ በዚያው ቀረሁ።

ጉልበት እየከዳቸው ሲሄድ መሣሪያቸውን አንድ ባንድ ያስረክቡኝ ጀመር። በአንድ ቀን አይደለም፤ ሁለት ዓመት ያህል ፈጅቷል። አንድ ዕቃ ሲሰጡኝ ከየት እንደመጣ፣ በምን እንደሚሳል፣ ምን እንደሚጠላ ሳይነግሩኝ አይለቁም። እኔም የመዝገብ ቤት ሰው ነኝና ወዲያው በደብተር እጽፈዋለሁ። ከደብተሩ ጥቂቱን ላካፍላችሁ።

በመጀመሪያ የሰጡኝ መላጊያውን ነው። አካሉ ወይራ ነው፤ ሞጣ ያሉት አስተማሪያቸው በእጃቸው የጠረቡት ነው። በሆዱ ውስጥ ስለቱ አጋድሞ ይገባል፤ በሽብልቅ ይጠበቃል። ስለቱ ከእንጨቱ ሆድ የሚወጣው የፀጉር ያህል ነው። ከዚያ ካለፈ እንጨቱን ይነክሰዋል፤ ካነሰ ይንሸራተታል። አናጢው ይህን የሚያውቁት በዓይን ሳይሆን በአውራ ጣታቸው ዳበስ አድርገው ነበር። «እንጨት እንደ ሰው ፀጉር አለው፤ ፀጉሩ ወደ ተኛበት ላግ፤ ብትቃወመው ይቆጣል» ይሉኝ ነበር።

ሁለተኛው መሮው ነው። መሮው ከገበያ የተገዛ አይደለም። የሞጣ ብረት ሠሪ ከመኪና ባሌስትራ ቀጥቅጦ የሠራው ነው። ባሌስትራ ጥሩ ብረት ስለሆነ፣ መኪና አገራችን ከገባ ጀምሮ ብረት ሠሪዎቻችን ማረሻም መሮም ከእሱ ይሠራሉ። ብረት ሠሪው በወናፍ እያናፋ ብረቱን እስኪቀላ ያግለዋል፣ ይቀጠቅጠዋል፣ ከዚያ ውሃ ውስጥ ይነክረዋል። በውሃ የተነከረ ብረት ይጠነክራል፤ ነገር ግን እንደ ጠርሙስ ተሰባሪ ይሆናል። ስለዚህ እንደገና ጥቂት ይሞቅና ፊቱ የማር መልክ ሲይዝ ያን ጊዜ ይቀዘቅዛል። ከዚያ በኋላ ቢመቱትም አይሰበርም፤ ስለቱም ቶሎ አይደነዝም። ይህን የሚያደርገው ሰው የሙቀት መለኪያ የለውም፤ የሚያየው ቀለሙን ብቻ ነው።

ሦስተኛው ሁለት ሰው የሚስበው ትልቁ መጋዝ ነው። የመጋዝ ጥርስ አንዱ ወደ ቀኝ፣ አንዱ ወደ ግራ በመጠኑ ይጣመማል። ይህ የሚደረገው መንገዱ ከመጋዙ ጀርባ ሰፋ እንዲልና እንጨቱ መጋዙን እንዳይነክሰው ነው። ብዙ ወጣት ጥርሱን ብቻ ይሞርዳል፤ መጣመሙን ይረሳል፤ ከዚያ መጋዙ አልሄድ ሲለው አረጀ ብሎ ይጥለዋል። አናጢው አንድ ቀን ከወዲያ ጫፍ አስያዙኝና «ሳብ እንጂ አትግፋ፤ እኔ ስስብ ልቀቅልኝ» አሉኝ። እኔ የቢሮ ሰው ስለሆንኩ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ላቤ ተንጠፈጠፈ። ነገር ግን የገባኝ ነገር አለ። ይህ መጋዝ ለብቻው የሚኖር ሰው ዕቃ አይደለም። ወዲያ ጫፍ የሚይዝ ወዳጅ ከሌለ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ብረት ነው።

በመጨረሻ የሰጡኝ ገመድ ነው። አንዲት ቀጭን ገመድ፣ ቋጠሮ ያለባት። በድሮው ጊዜ በእኛ አገር ሰው ሲሞት በሰሌን ተጠቅልሎ ነበር የሚቀበረው፤ ሣጥን እየተለመደ የመጣው ቆይቶ ነው። ሣጥኑ ሲለመድ ሠሪው አናጢው ሆኑ። የሟቹን ቁመት የሚለኩት በዚያች ገመድ ነበር፤ ለሌላ ሥራ አያውሏትም፤ ከሌላው ዕቃ ጋርም አያስቀምጧትም። መክፈል ላልቻለ ሰው ከባሕር ዛፍ ጣውላ ሠርተው፣ ሌሊቱን ጨርሰው፣ ጠዋት አስረክበው ወደ ቤታቸው ይገባሉ። ስንቱን በነጻ እንደሠሩ የተጻፈ የለም። ያ ገመድ ብቻ ያውቃል።

እንግዲህ ከዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሳል። አናጢው ልጆች እያሏቸው ዕቃቸው ለምን ለጎረቤት ደረሰ? ይህን ለመመለስ ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ።

በአገራችን የእጅ ሙያ ያለው ሰው ሲናቅ ኖሯል። ብረት ሠሪው በክፉ ስም ይጠራ ነበር፤ ሸማኔው ይሰደብ ነበር፤ ቆዳ የሚያለፋውና ሸክላ የምትሠራው እንደ ሰው አይቆጠሩም ነበር። ከብረት ሠሪ ማረሻ የገዛ ገበሬ፣ በዚያው ማረሻ አርሶ ልጁን ያሳደገ ገበሬ፣ ብረት ሠሪውን ከማዕዱ አያስቀርበውም ነበር። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው እየጠራችሁ አትስደቡ፣ የተሳደበ ይቀጣል ብለው አዋጅ አስነግረዋል። አዋጁ ብረት ሠሪውን፣ ሸማኔውን፣ ጸሐፊውንም ጭምር የሚመለከት ነበር። አዎን፣ ጸሐፊም በዚያን ጊዜ ይሰደብ ነበር፤ ጠንቋይ ይባል ነበር። ስለዚህ እኔና አናጢው በስድብም ዘመዳሞች ነን ማለት ነው። የ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ደግሞ መሬት አትነካም ይባል የነበረው ባለሙያ እንደማንኛውም ሰው መሬት እንዲያገኝ በር ከፈተ። ነገር ግን አዋጅ በአንድ ቀን ይታወጃል፤ የሰው አንደበት ለመስተካከል ትውልድ ይፈጃል።

አናጢ እንደ ብረት ሠሪው አልተናቀም፤ ያም ሆኖ ግን ልጁ ወረቀት ይዞ ቢሮ እንዲገባ እንጂ መጋዝ እንዲይዝ የሚመኝ አባት አልነበረም። እሳቸውም ልጆቻቸውን ያስተማሩት ከመጋዝ እንዲርቁ ነው። ልጆቹም ተምረው ራቁ። ይህ የልጆቹ ጥፋት አይደለም፤ አባታቸው የፈለጉት ሆነላቸው። መሣሪያው ግን ወላጅ እንዳጣ ልጅ ሆነ።

እስቲ ዙሪያችንን እንይ። ዲማ ጊዮርጊስና ደብረ ወርቅ ቅርባችን ናቸው። በእነዚህ ደብሮች ብራና ሲፋቅ፣ መጽሐፍ ሲገለበጥ ኖሯል። ቁም ጸሐፊው የሚሠራበት መሣሪያ ጥቂት ነው፤ ከመቃ የተቀረጸ ብርዕ፣ የቀለም ቀንድ፣ ወስፌ፣ ብራናው የሚወጠርበት እንጨት፣ መፋቂያውና ማለስለሻ ድንጋዩ። ጥቁሩ ቀለም ለቃሉ፣ ቀዩ ለቅዱሳን ስም ነው። ይህ ሙያ ከአስተማሪ ወደ ተማሪ የሄደ ነው። ተማሪው የአስተማሪውን የቀለም ቀንድ ቢወስድ የልጆቹን ርስት ነጠቀ የሚል ሰው አልነበረም። ሙያና መሣሪያ ወደ ሚሠራበት እጅ ይሄዳል የሚለውን አባቶቻችን ያውቁት ነበር ማለት ነው።

የዚህን ተቃራኒ ለማየት ደግሞ ወደ ሞጣ እንሂድ። ከሞጣ በስተወዲያ በዐባይ ላይ ሰባራ ድልድይ የሚባለውን የማያውቅ የለም። በአፄ ፋሲል ዘመን በድንጋይና በኖራ የታነጸ ነው። በጠላት ወረራ ጊዜ መካከሉ ተሰበረ። ከዚያ በኋላ የጎጃምና የቤጌምድር ሰው ለገበያና ለዘመድ ጥየቃ ሲል በገመድ ተንጠልጥሎ ሲሻገር ስንት ዓመት ኖረ! ድልድዩን የሠሩት ሰዎች ድንጋዩን ትተውልናል። መዶሻቸውን የተቀበለ፣ ኖራውን እንዴት እንደሚያቦኩት የጠየቀ ሰው ግን በሰፈሩ አልተገኘም። ቢገኝ ኖሮ የተሰበረውን ለመግጠም ሌላ አገር ባልተጠበቀ ነበር።

የመሣሪያ ስም ራሱ ታሪክ ይናገራል። መጋዝ፣ መሮ፣ ምሳር፣ መዶሻ የምንላቸው የራሳችን ቃል ናቸው። ፒንሳ፣ ካቻቪቴ፣ ሞርሳ፣ ቡሎን፣ አሁን የጠራሁት ባሌስትራም ሳይቀር የጣልያን ቃል ናቸው። ጠላት ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ቆይቶ ሲባረር የመሣሪያው ስም ከኛ ጋር ቀረ። አናጢው ስለዚህ ሲነሳ ይስቁና «ጣልያኑ ሄደ፤ ፒንሳው ቀረ፤ እኛም አልጠላነውም» ይሉ ነበር።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ ልግባ። አናጢው መሣሪያቸውን ከማስረከባቸው በፊት አንድ ነገር አደረጉ። ለታላቅ ልጃቸው ደብዳቤ እንድጽፍ አዘዙኝ። እሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። «ልጄ ሆይ፣ ዕቃዬን ትፈልጋለህ ወይ? ከፈለግህ ና ውሰድ። ካልፈለግህ እዚህ ለሚሠራበት እሰጣለሁ» የሚል ነበር። ልጁም በአክብሮት መለሰ። እሱ በሌላ ሥራ ላይ እንዳለ፣ ቤቱም የኪራይ ቤት ስለሆነ ማስቀመጫ እንደሌለው ገልጾ «አባቴ እንደፈቀዱ ያድርጉት» አለ። ያን ደብዳቤ በደብተሩ ውስጥ አኖርኩት።

ከዚያ በኋላ አንድ መሣሪያ በተረከብኩ ቁጥር የዕቃውን ዓይነት፣ ቀኑን፣ የተነገረኝን ቃል ጻፍኩ። እሳቸው በአውራ ጣታቸው ፈረሙ። ቡና ሊጠጡ የመጡ ሁለት ጎረቤቶች ምስክር ሆነው ፈረሙ። እሳቸው መጀመሪያ ሳቁብኝ፤ «አንተ ጸሐፊ፣ በእኔና በአንተ መካከል ወረቀት ምን ይሠራል?» አሉኝ። እኔም «ጋሼ፣ በእርስዎና በእኔ መካከል ምንም አይሠራም፤ እኛ ከሄድን በኋላ ላሉት ነው» አልኳቸው። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባል የለ።

አናጢው ካረፉ በኋላ ልጆቻቸው መጡ። ሰልስቱ እንዳለፈ ታላቁ ልጅ ወደ ሥራ ቤቱ ገባ፤ ግድግዳው ባዶ ነው። መጋዙ የለም፣ መላጊያው የለም። ወጣና ፊቱ ጠቁሮ «የአባቴ ዕቃ የት ገባ?» አለ። በግቢው ውስጥ ሰው ሁሉ ዝም አለ። አንዳንዱ ወደ እኔ ማየት ጀመረ። በእንዲህ ዓይነት ሰዓት ምን እንደሚወራ ታውቃላችሁ። አዛውንቱን አታለለ፣ ደካማ አይቶ ወሰደ ይባላል። የሠላሳ ዓመት ጉርብትና በአንድ ቃል ይፈርሳል። የሁለት ቤት ልጆች ተኳርፈው ይቀራሉ፤ እድርም ይከፈላል።

እኔ አልተከራከርኩም። ደብተሩን አምጥቼ ከሦስት ሽማግሌዎች ፊት አስቀመጥኩ። ልጁ የገዛ ራሱን ደብዳቤ አነበበ። ከዚያ የአባቱን የአውራ ጣት አሻራ ገጽ በገጽ እያየ ሄደ። አባቱ ስለ እያንዳንዱ ዕቃ የተናገሩት ቃል ተጽፎ ሲያገኝ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። በሰልስቱ ያላለቀሰውን እዚያ አለቀሰው። ኋላም እንዲህ አለ፤ «እኔ ዕቃውን ፈልጌ አይደለም፤ አባቴን የምይዝበት ነገር አጣሁ ብዬ ነው»።

አያችሁ፣ ልጁ ትክክል ነው። መሣሪያው ለሚሠራበት ነው፤ መታሰቢያው ግን የልጅ ነው። ሽማግሌዎቹም በዚሁ ፈረዱ። ልጁ የአባቱን ትንሿን መዶሻ፣ እጀታዋ በአባቱ መዳፍ የተላጠውን ወሰደ። ከደብተሩም አባቱ የተናገሩትን ሁሉ ገልብጬ ሰጠሁት። ሌላው እዚሁ ቀረ። ዛሬ በዓል ሲሆን ሰላም የሚለኝ፣ እኔም እንደ ልጄ የማየው ሰው ሆኗል።

ከዚህ ነገር ጋር ተያይዞ ሕጉ ምን እንደሚል ብነግራችሁ ይጠቅማል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሦስት ዓይነት ኑዛዜ ያውቃል። አንደኛው በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ ነው፤ በማንም እጅ ቢጻፍ፣ ተናዛዡና አራት ምስክሮች ባሉበት ተነቦ መፈረም አለበት። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን ያለው ሰው ከሆነ ሁለት ምስክር ይበቃል። ሁለተኛው ተናዛዡ ሁሉንም በገዛ እጁ ጽፎ የሚፈርመው ነው። ሦስተኛው በቃል የሚደረግ ነው፤ ሞቱ የቀረበ መስሎ የተሰማው ሰው ለሁለት ምስክሮች የሚናገረው ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው አለ። በቃል ኑዛዜ የሚሰጥ አንድ ስጦታ ከ500 ብር መብለጥ የለበትም። ተናዛዡ ድኖ ሦስት ወር ከቆየ ደግሞ ኑዛዜው ይፈርሳል። 500 ብር ያኔ ብዙ ነበር፤ ዛሬ ምን እንደሚገዛ ለእናንተ መንገር አያሻኝም።

ስለሆነም ከኑዛዜ የሚቀለው በሕይወት እያሉ መስጠት ነው። የሚንቀሳቀስ ዕቃ ስጦታ ዕቃውን ከእጅ ወደ እጅ በማስረከብ ይጸናል ይላል ሕጉ። መሬትና ቤት እንዲህ አይደለም፤ ያ በጽሑፍና በሥርዓቱ ነው። መጋዝና መሮ ግን ሰጪው «እንካ» ብሎ፣ ተቀባዩ በሁለት እጁ ከተቀበለ ተሰጥቷል። ጽሑፉ የሚያስፈልገው ኋላ ሐሜትና ጠብ እንዳይመጣ ነው።

ከእኔ ዘንድ የቀረው መሣሪያ ምን ሆነ ትሉ ይሆናል። እኔ አናጢ አይደለሁም፤ አደራ ጠባቂ ነኝ። አናጢው ሲሰጡኝ «አንተ አትሠራበትም፣ አውቃለሁ፤ አንተ ግን አትሸጠውም» ነበር ያሉኝ። አሁን በሰፈራችን በእንጨት ሥራ የተሰማሩ ሦስት ወጣቶች አሉ። የሚሠሩት በኤሌክትሪክ መሣሪያ ነው፤ ይህም መልካም ነው፤ ሥራን ያፋጥናል። ነገር ግን መብራት ሲጠፋ እየመጡ የአናጢውን መላጊያ ይዋሳሉ። አንዱ ልጅ መጀመሪያ ሲስቅበት ነበር። ዋንዛ ጣውላ ላይ ፀጉሩን ተከትሎ ካላገው በኋላ ግን ጣውላውን በመዳፉ እየዳበሰ ዝም አለ። አሁን ስለቱን ራሱ ይስላል። እኔም በደብተሩ ላይ የተዋሰበትንና የመለሰበትን ቀን እጽፋለሁ፤ የሥራ ልማድ ነው፣ አይለቀኝም።

እኔም ስልሳን ካለፍኩ ቆይቻለሁ። ይህ ዕቃ በእኔ ቤት ቢቀር፣ ነገ ከነገ ወዲያ ጡሩምባው ለእኔ ሲነፋ ቁራሌው ደጃፌ ላይ ይቆማል። ልጆቼ የአናጢውን ደብተር ያነቡ እንደሆነ እንጂ መላጊያውን አያውቁትም። ስለዚህ ለጉባኤው የማቀርበው ሐሳብ አለኝ።

አንደኛ፦ እድራችን አንድ የመሣሪያ መዝገብ ይኑረው። ይህ የአናጢ ብቻ አይደለም። የሸማኔው መወርወሪያ፣ የፈታይዋ እንዝርትና ደጋን፣ የገበሬው ሞፈርና ቀንበር፣ የግንበኛው ቱምቢ፣ የልብስ ሰፊው መኪና ሁሉ ይጻፍ። ማን ዘንድ ምን እንዳለ እንወቅ። መዝገቡን በነጻ ለመጻፍና ለመያዝ እኔ ፈቃደኛ ነኝ።

ሁለተኛ፦ መሣሪያውን ለሌላ ለመስጠት የፈለገ ባለሙያ በቅድሚያ ልጆቹን ይጠይቅ። መልሳቸው ይጻፍ። ልጅ ሳይጠየቅ የተሰጠ ዕቃ ለተቀባዩ እሾህ ነው። ለልጆቹም አንድ የመታሰቢያ ዕቃ ሁልጊዜ ይቅር።

ሦስተኛ፦ መሣሪያ ያለ ትምህርት አይሰጥ። ሰጪው ቢያንስ ግማሽ ቀን ተቀባዩን አስቀምጦ ያሳየው። እንዴት እንደሚሳል፣ እንዴት እንደሚጠበቅ፣ ምን እንደሚሰብረው ይንገረው። ብረቱ ዘይት በነካ ጨርቅ ይታሽ፤ እርጥብ ግድግዳ ላይ አይሰቀል፤ ስለት ከስለት ጋር ተጋጭቶ አይቀመጥ። ይህን ለመናገር ደቂቃ አይፈጅም፤ ካልተነገረ ግን አንድ ክረምት ዝገት ይበላዋል።

አራተኛ፦ ድንኳናችንና ወንበራችን በሚቀመጡበት ቤት ውስጥ አንድ ቁልፍ ያለው ቁም ሣጥን እናሠራ። ተቀባይ ያላገኘ መሣሪያ በአደራ እዚያ ይቀመጥና ለሚሠራ ወጣት በፊርማ ይዋስ። የአናጢውን ዕቃ በሙሉ፣ ከደብተሩ ጋር፣ መጀመሪያ የማስገባው እኔ ነኝ። ቁም ሣጥኑን ደግሞ ሦስቱ ወጣቶች በዚያው መላጊያና መሮ እንሠራለን ብለውኛል፤ እድሩ የሚችለው ጣውላውን ብቻ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና ዋጋው ብዙ አይሆንብንም።

አንዳንድ ወገን «እድር የተቋቋመው ሰው ለመቅበር ነው፤ ዕቃ ማስቀመጥ የማን ሥራ ነው?» ሊል ይችላል። እርግጥ ነው፣ መተዳደሪያ ደንባችን ስለዚህ የሚለው የለም። ሆኖም አንድ ነገር አስቡልኝ። ከመካከላችን ስንቱ የተቀበረው አናጢው በሠሩት ሣጥን ነው? ያን ሣጥን የሠራው መሮ ዛሬ እኔ ቤት ጨርቅ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። እኛ የሰውየውን ሬሳ በክብር ሸኝተን፣ እጃቸው የነበረውን ዕቃ ለቁራሌ ብንሰጥ፣ ግማሹን ሰው ቀብረን ግማሹን ሸጥነው ማለት አይደለም ወይ?

የመለኪያዋን ገመድ በሚመለከት ግን ልዩ ልመና አለኝ። እሷ ለማንም አትዋስ። ከእድሩ ማኅተምና መዝገብ ጋር፣ ዳኛው ዘንድ ትቀመጥ። አናጢው ከሌላ ዕቃ ጋር አላስቀመጧትም፤ እኛም አናስቀምጣት።

ጉባኤው በዚህ ሐሳብ ላይ ተወያይቶ ውሳኔ እንዲሰጥበት በአክብሮት እጠይቃለሁ። እድራችንን ያጽናልን፤ ላረፉት ዕረፍት፣ ለቆየነው ጤናና ፍቅር ይስጠን።